የተፈቀደውን ሳይሆን የተከፈለውን ድጎማ አሳዩን

ይድረስ፦ ለአውሮፓ ኮሚሽን የውድድር ጉዳዮች ዋና ክፍል፣ ብራስልስ
ግልባጭ፦ በአውሮፓ ንግድ ላይ ለተሰማራችሁ ሐበሾች በሙሉ
ጉዳዩ፦ አባል አገሮች ለነጋዴው የሰጡት ድጎማ ጎን ለጎን ተነጻጽሮ ለሕዝብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክብርት ወይዘሮ ቴሬሳ ሪቤራ፣

ማስትሪኽት ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አለኝ። እንጀራም ጋግረን ለሱቆች እናከፋፍላለን። ከተማችን ኔዘርላንድስ ደቡብ ጫፍ ላይ ናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ ቢነዱ ጀርመን አኸን ይገባሉ፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ደቡብ ቢነዱ ደግሞ ቤልጅየም ሊዬዥ ነዎት። ገንዘቡ አንድ ነው፣ ቀረጥ የለም። እኔ፣ አኸን ያለችው ጓደኛዬና ሊዬዥ ያለው ወንድማችን የምንጋግረው ያው እንጀራ ነው፣ የምንሻማውም ያው ደንበኛ ነው። የፋሲካ ሰሞን አንድ ዩሮ ከቀነስኩ ከአኸን ድረስ መጥተው ይወስዳሉ፤ እሷ ከቀነሰች ደግሞ የኔዎቹ ወደዚያ ይሄዳሉ። የጋራ ገበያ ማለት ይኼው ነው፣ እኔም ደስ ብሎኝ የምሠራበት ነው።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ አገር ለነጋዴው በተግባር የከፈለውን ድጎማ፣ በሥራ ዘርፍና በድርጅት መጠን ለይታችሁ፣ የጎረቤቱን አገር አጠገቡ አድርጋችሁ፣ ሰው በሚገባው መንገድ አውጡልን። የደችኛውን ቅጂ ለቢሮዎ በፖስታ ልኬያለሁ። አማርኛውን እዚህ ያወጣሁት ጉዳዩ የሚመለከታቸው ወገኖቼ እንዲያነቡት ነው።

በመጀመሪያ ሕጉን እደግፋለሁ። ስድስት አገሮች በፈረንጆቹ 1957 ሮም ላይ ውል ሲፈራረሙ ይህን ነገር አስበውበት ነበር። ዛሬም የኅብረቱ ውል አንቀጽ 107፣ መንግሥት ለይቶ ለአንዳንድ ድርጅቶች የሚሰጠው፣ ውድድርን የሚያዛባና በአባል አገሮች መካከል ያለውን ንግድ የሚነካ ድጎማ አይፈቀድም ይላል። አንቀጽ 108 ደግሞ አገሮች ከመስጠታቸው በፊት ለእናንተ እንዲያሳውቁ ያዛል። ትክክል ነው። ካዝናው የሞላ መንግሥት የራሱን ነጋዴ ብቻ የሚደግፍ ከሆነ ካዝናው የሳሳው አገር ነጋዴ ምንም ቢተጋ አይችለውም።

ከዚያ 2020 መጣ። ማርች 19 ቀን ኮሚሽኑ ለኮቪድ ብሎ ጊዜያዊ ማዕቀፍ አወጣ፣ አገሮች በፍጥነት እንዲደግፉ በሩ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሁለተኛ ማዕቀፍ ተጨመረ። በሩ መከፈቱን አልቃወምም፤ ባይከፈት ኖሮ ብዙዎቻችን ዛሬ የለንም። ግን ማን ምን ያህል ይዞ እንደገባ መታወቅ ነበረበት። ጃንዋሪ 2023 ከእርስዎ በፊት የነበሩት ማርግሬት ቬስታገር ለአባል አገሮች ሚኒስትሮች ደብዳቤ ጽፈው ነበር። በዩክሬኑ ጦርነት ምክንያት ከተፈቀደው 672 ቢሊዮን ዩሮ ውስጥ 53 በመቶው የጀርመን፣ 24 በመቶው የፈረንሳይ ነው አሉ። ጀርመን ከኅብረቱ ኢኮኖሚ ያላት ድርሻ ሩብ ገደማ ነው። ሁለቱ አገሮች ተደምረው ከሦስት አራተኛ በላይ ይዘዋል ማለት ነው፣ ለቀሩት 25 አገሮች ደግሞ ሩብ እንኳ የማይሞላ ተረፈ።

ያ ቁጥር ብዙ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በእኛ ሰፈር ቡና ላይ ሳይቀር ተወራ። ችግሩ ያኔ ይጀምራል። ቁጥሩ የተፈቀደው ነው፣ የተከፈለው አይደለም። መንግሥት ለክፉ ቀን ብሎ ትልቅ ጣሪያ ያስፈቅድና ከሥሩ ትንሽ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። በኮቪድ ጊዜም የተፈቀደው ከ3 ትሪሊዮን ዩሮ በላይ ሲሆን በተግባር የተሰጠው ከዚያ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ነበር። ከዚያም ውስጥ ብዙው የብድር ዋስትና ነው፣ ተበዳሪው እስከከፈለ ድረስ መንግሥትን ብዙም ላያስወጣ ይችላል። ዋስትናን ከማይመለስ ድጋፍ ጋር በአንድ ድምር አስቀምጦ አገርን ከአገር ማወዳደር ሰውን ያሳስታል። ጀርመንንም ያስወቅሳታል፣ ሌላውንም ያለ በቂ ምክንያት ያስቆጣል።

እስቲ ወደ እኛ ሰፈር ልውረድ። ማርች 15 ቀን 2020፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ምግብ ቤቶች ተዘጉ። ሊዬዥ ከእኛ ቀድሞ ነው የዘጋው፣ አኸን ትንሽ ቆይቶ። ሊጡ በየባልዲው ቦክቶ ቀረ። ያኔ ለኛ የመጣው የመጀመሪያው ድጋፍ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 4,000 ዩሮ ነበር። በቤልጅየም ዋሎኒያ ሙሉ በሙሉ ለተዘጋ ድርጅት 5,000 ሰጡ፣ ፍላንደርስና ብራስልስ 4,000፤ አንድ አገር ውስጥ እንኳ እንግዲህ ልዩነት አለ። ጀርመን እስከ 5 ሠራተኛ ላለው ለሦስት ወር ብላ እስከ 9,000 ዩሮ፣ እስከ 10 ሠራተኛ ላለው እስከ 15,000 ሰጠች። ፈረንሳይ ደግሞ በወር እስከ 1,500 ብላ ጀመረች፣ ኋላ ላይ ከፍ አደረገችው።

ይህን ያነበበ ሰው ወዲያው ጀርመን ያለችው ጓደኛዬ ከሁላችንም ተሻለች ይላል። እኔ ያኔ ስልክ ስንደዋወል እንዲያ ነበር የሚመስለኝ፣ እሷም ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር። ኋላ ግን ደብዳቤ መጣላት። የተሰጠሽ ገንዘብ ለኪራይና ለመሰል ቋሚ ወጪ ነው፣ ከዚያ የተረፈውን መልሺ የሚል። እሷ ብቻ አይደለችም፣ አኸን ባለችበት በኖርድራይን ቬስትፋለን ግዛት ብዙ ሺህ ሰው ደርሶታል። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባና ማርች 2023 ላይ ሙንስተር ያለው የግዛቱ የአስተዳደር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መልሱ የተባለበት የመጨረሻ ውሳኔ ሕገወጥ ነው ብሎ ፈረደ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን 9,000 በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ እናስቀምጠው? የተሰጠ ነው? የተመለሰ ነው? በክርክር ላይ ያለ ነው? የኛው 4,000 በቁጥር ያንሳል፣ ግን መልሱ የሚለን አልነበረም። ለሠራተኛ ደሞዝ የተሰጠን ሌላው ድጋፍ ደግሞ በግምት አስቀድሞ የሚከፈል ስለነበር ሒሳቡ ሲዘጋ ብዙው የኔዘርላንድስ ነጋዴ ከፊሉን መልሷል። በወረቀት ላይ የሚታየው ቁጥር ኪስ ውስጥ ከቀረው ጋር የማይገናኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ድንበሩ ነገሩን ምን ያህል እንደሚያወሳስበው ማየት የሚፈልግ ባርለ ይሂድ። የኔዘርላንድስና የቤልጅየም መስመር ቤት እየቆረጠ የሚያልፍበት መንደር ነው፣ አስፋልቱ ላይ በነጭ መስቀል ምልክት ተሠርቶበታል። በ2020 ጸደይ እዚያ ያለ አንድ የልብስ ሱቅ የቤልጅየም ግማሹ ታጥሮ ተዘጋ፣ የኔዘርላንድሱ ግማሽ ሥራውን ቀጠለ። አንድ ጣሪያ ሥር ነው ይህ ሁሉ። ድጎማውም እንደዚያው ነው፣ ማን ምን ያገኛል የሚለው መስመሩ በየት በኩል አለፈ በሚለው ይወሰናል።

አሁን ስለ መብራት ልንገርዎ፤ ከሁሉም በላይ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። ምጣዱ ሁልጊዜ የጋለ መሆን አለበት፣ ከበረደ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምጣዱ ላይም ይጣበቃል። ስለዚህ ጋጋሪዋ ሊጥ እስክትቀዳ ብለህ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም። በ2023 ኔዘርላንድስም ጀርመንም የመብራት ዋጋ ላይ ጣሪያ አደረጉ። የሚገርመው ሁለቱም ለቤተሰብና ለትንሽ ተጠቃሚ ያስቀመጡት ዋጋ ያው ነው፣ በኪሎዋት ሰዓት 40 ሳንቲም። የሚለያዩት እስከ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ድረስ በሚለው ላይ ነው። ኔዘርላንድስ በዓመት የመጀመሪያዎቹን 2,900 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው በዚያ ዋጋ የሰጠችው። ጀርመን በዓመት እስከ 30,000 ለሚጠቀም፣ ቀድሞ ሲጠቀም ከነበረው 80 በመቶውን።

ሒሳቡን እንሥራው። በዓመት 24,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ምግብ ቤት እንውሰድ። አኸን ላይ 19,200ው በ40 ሳንቲም ይታሰብለታል። ማስትሪኽት ላይ 2,900ው ብቻ፣ የቀረው 21,100 ገበያው ባወጣው ዋጋ። ያው ምጣድ፣ ያው ጤፍ፣ በግማሽ ሰዓት መንገድ ልዩነት። በእርግጥ ኔዘርላንድስ ለብዙ ኃይል ተጠቃሚ ነጋዴዎች ሌላ ድጋፍ ነበራት፣ ከ35 ሳንቲም በላይ ከሆነው የመብራት ወጪ ግማሹን የሚሸፍን፣ እስከ 160,000 ዩሮ። ግን የኃይል ወጪህ ከጠቅላላ ሽያጭህ ቢያንስ 7 በመቶ መሆን አለበት ይላል። ዳቦ ቤት ሊሞላው ይችላል። ምግብ ቤት ግን ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ሥጋና ጤፍ ስላለበት ሽያጩም በዚያው ልክ ከፍ ይላልና መብራቱ ቢያቃጥለውም 7 በመቶ ላይ አይደርስም። ፈረንሳይ በበኩሏ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቿ ከጮኹ በኋላ፣ ለጥቃቅን ድርጅቶች በአማካይ በኪሎዋት ሰዓት 28 ሳንቲም አካባቢ የሚሆን ጣሪያ አወጣች። ሦስት አገር፣ ሦስት መንገድ። ይህን ሁሉ ለቃቅሜ ያገኘሁት ከሦስት መንግሥት ድረ ገጽ በሦስት ቋንቋ ነው፣ አካውንታንቴም ያለ ክፍያ ብዙ ረድቶኛል። ከእናንተ ዘንድ አንድ ገጽ ላይ ተጠቃሎ ማግኘት ነበረብኝ።

ለምን አላገኘሁትም? አንደኛው ምክንያት እናንተ በስም እንዲወጣ የምታደርጉት ድጎማ ከ100,000 ዩሮ በላይ የሆነውን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትንሽ ድጎማ የሚባለው ሕግ ነው። አንድ ድርጅት በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ አገር እስከ 300,000 ዩሮ ድረስ ቢያገኝ (እስከ 2023 መጨረሻ 200,000 ነበር) በአገሮች መካከል ያለውን ንግድ አይነካም ተብሎ ይታለፋል፣ ለእናንተም ማሳወቅ አያስፈልግም። ወይዘሮ ሪቤራ፣ 300,000 ዩሮ እኮ ለመኪና ፋብሪካ ትንሽ ነው። ለእንጀራ ቤት ግን ኩሽናውን በሙሉ አዲስ አድርጎ፣ ማከፋፈያ መኪና ገዝቶ፣ ዋጋ ሰብሮ ሁለት ዓመት መቆየት ነው። ድንበር ላይ ላለን ሰዎች ንግድ የሚነካው በትክክል እዚህ መጠን ላይ ነው።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ለሁሉም ዘርፍ እኩል ክፍት የሆነ ድጋፍ በሕጉ ዓይን ድጎማ አይደለም። ጀርመን ሥራ ሲቀንስ ለሠራተኛው የደሞዙን ከፊል የምትከፍልበት የቆየ ሥርዓት አላት፣ ቤልጅየምም የራሷ አላት። ለነጋዴው ይህ ከማንኛውም ድጎማ በላይ ነው፤ የለመደ ጋጋሪ ሳይበትን ክፉውን ቀን ያልፋል። በእናንተ መዝገብ ላይ ግን አይታይም። ስለዚህ የድጎማ ንጽጽር ሲወጣ እንኳ ከፊሉ ሥዕል ነው የሚታየው።

ተጎዳሁ የሚል ተወዳዳሪ ለእናንተ አቤት የሚልበት ቅጽ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ቅጹ ጥቅምህ መነካቱን አሳይ ይላል። ጎረቤቴ ምን እንደተሰጠው ሳላውቅ መነካቴን በምን ላሳይ?

ትልልቆቹ ጋ ደግሞ ሌላ ነው። ጃንዋሪ 2024 ላይ ጀርመን ሃይደ አካባቢ ለሚሠራ የኖርዝቮልት የባትሪ ፋብሪካ 902 ሚሊዮን ዩሮ እንድትሰጥ ፈቀዳችሁ፤ ምክንያቱ ፋብሪካው ወደ አሜሪካ እንዳይሄድ ነበር። ማርች 2025 ላይ ኩባንያው ስዊድን ውስጥ ኪሳራ አወጀ። ለሉፍታንዛ በ2020 የተፈቀደውን 6 ቢሊዮን ዩሮ የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት ሜይ 2023 ላይ ፈቃዱን ሽሮታል፣ ሉፍታንዛ ያን ጊዜ ገንዘቡን መልሶ ጨርሶ ነበር። እነዚህን የማነሳው ለመውቀስ አይደለም። ስማቸው፣ ገንዘቡና ውሳኔው የታወቀ ስለሆነ ነው ሰው ሊከራከርበት የቻለው፣ ዳኛም ሊያየው የቻለው። ለትንሹ ነጋዴ የጠየቅሁትም ያንኑ ነው።

አንዳንድ የጀርመን ወዳጆቼ ገንዘቡ የኛው ግብር ነው፣ መንግሥታችን ለራሱ ነጋዴ ቢሰጥ ምን ያገባችኋል ይሉኛል። አባባሉ ይገባኛል። ጓደኛዬ ያገኘችውን አልመኝባትም፣ ያ ድጋፍ ባይኖር ቤቷ ይዘጋ ነበር፣ ብዙ ሐበሻም ሥራ ያጣ ነበር። ግን ጀርመን ሽያጯን የምታካሂደው በጋራ ገበያው ላይ ነው፤ እኔም፣ የፖርቱጋሉም፣ የግሪኩም ነጋዴ በዚያው ገበያ ላይ ነን። ሁሉም እኩል ይሰጥ የሚል ጥያቄ የለኝም፣ አይሆንምም። ሲሰጥ ይታይ ነው የምለው። ከታየ በኋላ አገሮች ራሳቸው ይማማራሉ፤ የኔዘርላንድስ ምክር ቤት አባላት የአኸንን 19,200 ቢያዩ ኖሮ 2,900 ብለው ከመወሰናቸው በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ ነበር ብዬ አምናለሁ። የቀድሞው የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንሪኮ ሌታ ስለ ጋራ ገበያው ኤፕሪል 2024 ባቀረቡት ሪፖርት ላይ አገሮች ከሚሰጡት ድጎማ የተወሰነ ድርሻ ለጋራ የአውሮፓ ሥራ እንዲያዋጡ ሐሳብ አቅርበዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን የተከፈለው በትክክል ሳይታወቅ ድርሻው ከምን ላይ ይሰላል?

አሁን ጊዜው አመቺ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ትንሹም ድጎማ በማዕከላዊ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ሕጉ ያስገድዳል፦ ማን እንደወሰደ፣ ስንት፣ መቼ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በምን ዓይነት፣ በየትኛው የሥራ ዘርፍ። በተሰጠ በ20 የሥራ ቀን ውስጥ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ግን ሕጉ አገሮች የራሳቸውን መዝገብ ወይም የኅብረቱን መምረጥ ይችላሉ ይላል። ሁሉም በየቤቱ በየቋንቋው ካስቀመጠው ያው የድሮው ድካም ነው።

ስለዚህ መዝገቦቹን አንድ ላይ አገናኙልን። ነጋዴው የሥራ ዘርፉን፣ የሠራተኛውን ብዛትና የሚኖርበትን አካባቢ ሲያስገባ በ100 ኪሎሜትር ዙሪያ በሌላው አገር ያለ መሰሉ በአማካይ ምን እንዳገኘ ይየው፤ የሰው ስም አያስፈልገኝም፣ አማካዩ ይበቃል። ዋስትናው፣ ብድሩና የማይመለሰው ለየብቻ ይቀመጡ። የተመለሰው ገንዘብ ሲመለስ ይቀነስ። የደሞዝ ድጋፉም በሕግ ድጎማ ባይባልም በአንድ ዓምድ ይግባ። ወደ ኋላም ሂዱ፤ ቢያንስ የ2020 እና የ2022 ድጋፎች አገሮቹ እጅ ላይ በመረጃ መልክ አሉ፣ ለእናንተም ሪፖርት አድርገዋል።

ለወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር። በኔዘርላንድስም፣ በጀርመንም፣ በቤልጅየምም፣ በጣሊያንም ያላችሁ፣ ድጎማ የወሰዳችሁ፣ የተከለከላችሁ ወይም መልሱ የተባላችሁ፣ የውሳኔ ደብዳቤዎቻችሁን አትጣሉ። ትንሽ ድጎማ ስትወስዱ ቀድሞ ምን እንዳገኛችሁ የምትፈርሙበት ወረቀት አለ፤ ብዙዎቻችን ሳናነብ ነው የምንፈርመው፣ እባካችሁ አንብቡት፣ ቅጂውንም አስቀሩ። ስማችሁን ሸፍናችሁ ዘርፉን፣ ከተማውን፣ ዓመቱንና መጠኑን ብቻ ጻፉልኝ። እኔና አካውንታንቴ ለእነዚህ ሦስት ከተሞች የሚሆን ሰንጠረዥ ጀምረናል። ኮሚሽኑ እስኪያወጣው በእጃችን ያለውን እናወጣለን።

ወይዘሮ ሪቤራ፣ መልስዎን በደችኛም በእንግሊዝኛም ቢጽፉልኝ አነባለሁ፣ አማርኛውን እዚሁ ላይ አወጣዋለሁ። መዝገቦቹ መቼ እንደሚገናኙና በየትኛው ክፍል ሥር እንደሚሠራ ቢነግሩኝ ለመጀመሪያው ደብዳቤ ይበቃኛል።

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ባለቤት፣ ማስትሪኽት